የእናቴን ቤት አሮጌ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በሐዋሳ ለማን ላስረክብ?

ጥያቄ፦ መምህርት ከአቶቴ

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። እናቴ ዕድሜዋ ስለገፋ ከእኔ ጋር እንድትኖር ተስማምተን፣ ለረጅም ዘመን የኖረችበትን ቤት ለማከራየት ላለፉት ሦስት ሳምንታት ዕቃ ስናወጣ ቆይተናል። ልብሱ ለዘመድ፣ የወጥ ቤቱ ዕቃ ለጎረቤት፣ አሮጌው አልጋ ለአናጢ ተሰጥቶ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። መላ ያጣሁለት በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዕቃ ነው። ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለው ባለ 21 ኢንች የድሮ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዝ ያቆመ ፍሪጅ፣ ሦስት የዲሽ ሪሲቨር፣ ጀርባው ያበጠ ስማርት ስልክ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ እናቴ የሰው እግር እንዳይቆርጡ ብላ ለዓመታት በዱቄት ወተት ጣሳ ያጠራቀመቻቸው ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች፣ እንዲሁም አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቻርጀርና ሽቦ በረንዳዬን ሞልቶታል።

በየሳምንቱ ቆሻሻ የሚወስዱልን የጽዳት ማኅበር ልጆች ጋሪያቸውን ይዘው ሲመጡ ቴሌቪዥኑን እንዲወስዱልኝ ጠይቄ ነበር። አንደኛው ልጅ በትሕትና፣ «እኛ ብንወስደው ገንዳው ጋ ስንደርስ መዳቡን ለማውጣት ይሰብሩታል፤ መስታወቱን መልሰን የምናፍሰው እኛው ነን፤ ሌላ መፍትሔ ቢፈልጉለት ይሻላል» ብሎኝ ትቶት ሄደ። እውነቱን ነበር። በዚያው ሰሞን ከእኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ አንድ ሰው ቴሌቪዥኑን ከጎርፍ መውረጃ ቦይ ዳር ጥሎት አይቻለሁ። ከአንገቱ ላይ የመዳብ ጥቅልሉ ተነቅሎ ተወስዷል፤ የመስታወቱ ስባሪ ከውስጥ በኩል እንደ አመድ የላመ ነጭ ዱቄት ተለጥፎበታል፤ ሁለት ሕፃናት ያንን ዱቄት በጣታቸው እየጠረጉ በአጥር ግንብ ላይ ስማቸውን ይጽፉበት ነበር። አስጥዬ እጃቸውን አስታጠብኳቸው። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አደረና ጠዋት ስመለከት ዱቄቱ ከቦዩ ጋር ታጥቦ ሄዷል። የሐዋሳ ቦይ ወዴት እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን።

ጎረቤቶቼ «ቁራሌው ሲመጣ ሽጪለት፤ ምን አስጨነቀሽ» ይሉኛል። እኔ ግን ከእጄ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን በዓይኔ ስላየሁ እንዲሁ ልሰጠው አልቻልኩም። ስለዚህ የምታውቁ እንድታስረዱኝ የምጠይቀው፣ ይህ ሁሉ ዕቃ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚወገድ ነው ወይስ እንደየዓይነቱ ይለያያል? በከተማችን ያለው የቆሻሻ አሰባሰብ እንዲህ ያለውን ዕቃ በሥርዓቱ እንዲረከብ ምን ማድረግ ይቻላል? እስከዚያውስ ቤት ውስጥ እንዴት ባስቀምጠው ለልጆቼ አያሰጋም? ስልኩና ላፕቶፑ ውስጥ የቤተሰብ ፎቶና የባንክ መተግበሪያ ስላለ ይህም አሳስቦኛል።

መልስ፦ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ፣ ሐዋሳ ፒያሳ

እህቴ፣ ቴሌቪዥኑን አለመጣልዎ መልካም አድርገዋል። በጥገና ሥራ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት እርስዎ የጠቀሱትን ዓይነት ቴሌቪዥን በመክፈትና በመግጠም ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

እኛ ቲዩብ የምንለው የቴሌቪዥኑ ትልቅ መስታወት ውስጡ አየር የለውም። አየሩ በፋብሪካ ተመጥጦ ወጥቶ ስለታሸገ፣ በድንጋይ ሲመታ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይሰበርና ስባሪው መልሶ ወደ ውጭ ይፈናጠራል፤ በዚህ ምክንያት ዓይኑ የተጎዳ ሰው አውቃለሁ። ወደ ኋላ እየጠበበ የሚሄደው የመስታወቱ ክፍል ደግሞ ጨረር እንዳያሳልፍ ተብሎ እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት ተቀላቅሎበት የተሠራ ነው። እንደ ቴሌቪዥኑ መጠን በአንዱ ውስጥ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ግራም እርሳስ ሊኖር ይችላል። ሕፃናቱ ግንብ ላይ ሲጽፉበት ያዩት ዱቄት ኤሌክትሮን ሲያርፍበት ብርሃን እንዲሰጥ ከውስጥ የተቀባው ፎስፈር ሲሆን፣ ዚንክ፣ በአንዳንድ የድሮ ስሪቶች ላይም ካድሚየም ይገኝበታል። እጃቸውን ማስታጠብዎ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ሰው የማያውቀው፣ ይህ ቴሌቪዥን ከሶኬት ተነቅሎም ቲዩቡ ውስጥ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ እንደሚችል ነው። ሲሠራ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ የሚገባበት፣ በጎማ ክዳን የተሸፈነ ቦታ ከጀርባው አለ፤ ባለሙያ ባዶ ሳያደርገው የነካው ሰው ክፉኛ ይመታል። ስለዚህ ማንም ሰው፣ ቁራሌውም ቢሆን፣ የጀርባ ክዳኑን ግቢዎ ውስጥ እንዲፈታው አይፍቀዱ። ሲያነሡት ክብደቱ ያለው በስክሪኑ በኩል ስለሆነ ስክሪኑን ወደ ደረትዎ አድርገው ሁለት ሰው ሆናችሁ ተሸከሙት። ዝናብ በማይነካው፣ ልጆች ሊጎትቱት በማይችሉበት ዝቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። ሳይሰበር እስከቆየ ድረስ ቤት ውስጥ ማንንም አይጎዳም፤ አደጋው የሚጀምረው ሲሰበር ነው።

ይልቅስ ዛሬውኑ ሊያስቡበት የሚገባው ያበጠውን ስልክ ነው። ባትሪው ውስጥ ጋዝ ስለተፈጠረ ነው ያበጠው። ቻርጅ አያድርጉት፣ ጀርባውን ለመመለስ አይጫኑት፣ አየሩ እንዲወጣ ብለው በመርፌ አይብሱት፤ ሲበሳ በሰከንዶች ውስጥ በእሳት ሊነድ ይችላል፣ ጭሱም ሳንባን ይጎዳል። ደረቅ አሸዋ ባለበት የሸክላ ድስት ወይም ጣሳ ውስጥ አድርገው፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ፣ ከመኖሪያ ክፍል ውጭ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ያኑሩትና ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስደው ባትሪውን ያስወጡ። የላፕቶፕ ባትሪና ፓወር ባንክም እንዲሁ ናቸው። ባትሪዎችን ከሽቦና ከብረት ጋር በአንድ ማዳበሪያ አያድርጉ፤ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍነው ለብቻቸው ያስቀምጧቸው።

ፍሪጁን በተመለከተ፣ ከመጣሉ በፊት አንድ ባለሙያ እንዲያየው ያድርጉ። ማቀዝቀዝ አቆመ ተብሎ ወደ እኛ ከሚመጣው ውስጥ ብዙው ኮምፕረሰሩ ደህና ሆኖ የተበላሸው ማስነሻው ወይም ቴርሞስታቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ወጪ የሌለው ጥገና ነው። የማይጠገን ከሆነ የመዳብ ቱቦው እንዳይቆረጥ ይጠብቁ። ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ቢመለከቱ አር 12፣ አር 134ኤ ወይም አር 600ኤ የሚል የጋዝ ዓይነት ያገኛሉ። አር 12 የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ሽፋን ስለሚበላ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ከአገልግሎት እንዲወጣ የተደረገ ነው፤ አር 134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ ጊዜ በላይ ይበረታል፤ በአዳዲሶቹ ፍሪጆች ያለው አር 600ኤ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ሦስቱም ቢሆኑ በመጋዝ ቱቦ ቆርጦ የሚለቀቁ አይደሉም፤ ጋዙን በመሣሪያ ስቦ ማውጣት የሚችል የፍሪጅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሪሲቨሮቹን ቢያመጧቸው ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ይነሣል ብዬ እገምታለሁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ መጀመሪያ የሚጎዳው የኃይል ማከፋፈያ ቦርዱ ላይ ያለው ካፓሲተር ነው፤ ጫፉ አብጦ በዓይን ይታያል፣ ይቀየራል፣ ዕቃውም ይሠራል። ምጣዱም ቢሆን የተቃጠለው ሽቦው ከሆነ ሽቦውን ብቻ የሚቀይሩ ባለሙያዎች በየገበያው አሉ። ይህን የምለው ለሥራዬ ብዬ አይደለም። አንድ ዕቃ አምስት ዓመት ተጨማሪ ባገለገለ ቁጥር የሚጣለው በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ስልኩ የሚበራ ከሆነ ፎቶውን ወደ ሌላ ቦታ ከገለበጡ በኋላ ከጉግል አካውንትዎ ይውጡ፣ የባንክና የቴሌብር መተግበሪያዎቹን ያጥፉ፣ ቀጥሎ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመልሱት፤ ሲም ካርዱንና ሜሞሪ ካርዱን ማውጣት አይርሱ። እርስዎ ያለዎት ግን ባትሪው ያበጠ ስለሆነ ለመሰረዝ ብለው እንኳ ቻርጅ እንዳያደርጉት፤ የማይበራ ከሆነ በሌላ ስልክ አካውንትዎን ከፍተው የይለፍ ቃሉን ይቀይሩና የድሮውን ስልክ ከዝርዝሩ ያስወጡት። ላፕቶፑን ፎርማት ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ብዙ ጊዜ በቀላል ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። ዲስኩን አስወጥተው ቤትዎ ቢያስቀሩት ይሻላል።

መልስ፦ የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነዋሪ

በባለሙያው ማብራሪያ ብስማማም ቁራሌውን እንደ ጥፋተኛ አድርገን እንዳናይ አደራ እላለሁ። በአገራችን ብረት፣ አሉሚኒየምና መዳብ ተመልሶ ወደ ሥራ የሚገባው በእነርሱ ትከሻ ነው። ማንም ሳይከፍላቸው ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሰበስቡ፣ ከዚያ በሚያገኙት ትንሽ ገንዘብ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። እነርሱን ጥለን የምናቆመው አሰባሰብ ይጸናል ብዬ አላምንም።

መልስ፦ የጽዳት ማኅበር አባል፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

ለመምህርቷና ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ቤት ለቤት ቆሻሻ ከሚሰበስቡት ማኅበራት በአንዱ አባል ነኝ። የሥራችንን አካሄድ ብትረዱት ቴሌቪዥኑን ያልወሰደው ልጅ ለምን እንዲያ እንዳለ ይገባችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

እኛ ከየቤቱ የምንረከበውን በጋሪ አድርገን ወደ ገንዳ እናደርሳለን፤ ገንዳው ሲሞላ የማዘጋጃ ቤት መኪና አንሥቶ ከከተማ ውጭ ወዳለው መድፊያ ይወስደዋል። በዚህ መንገድ ላይ የወጥ ቤት ቆሻሻውም፣ የሕፃን ዳይፐሩም፣ ቻርጀሩም፣ ባትሪ ድንጋዩም አንድ ላይ ነው የሚጓዘው። ገንዳው ጋ ስንደርስ የሚሸጥ ነገር የሚለቅሙ ልጆች ይጠብቁናል። ሽቦ ካገኙ ፕላስቲኩን ለማስወገድ እዚያው ላስቲክ አንድደው ያቃጥሉታል። ጥቁሩ ጭስ ላያችን ላይ ይመጣል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ልብሳችን ላይ የሚቀረው ሽታ በሳሙና አይለቅም።

ባለፈው ክረምት በጋሪያችን ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ቤት ያወጣውን ማዳበሪያ ሌላ ጭነት ደርበንበት እየገፋን ሳለ ከመሀሉ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ነጭ ጭስ፣ ቀጥሎ እሳት። ቆሻሻውን መንገድ ላይ ገልብጠን አፈር በላዩ ስንደፋበት የጋሪው አንድ ጎን ተቃጥሎ ነበር። ሲበርድ ስንፈልግ ያገኘነው የእጅ መዳፍ የማያህል፣ እንደ ትራስ ያበጠና የተተረተረ የስልክ ባትሪ ነው። በዚያች ትንሽ ነገር ምክንያት ጓደኛዬ አውራ ጣቱን ተቃጥሎ ሁለት ሳምንት ሥራ አልገባም። ቤት ያሉት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ የሚያወጡት ነገር እንዲህ እንደሚያደርግ የነገራቸው ሰው የለም።

የመኪናና የሶላር ባትሪም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ሰው ለመሸጥ እንዲቀለው ውስጡ ያለውን ውኃ ግቢው ወይም ቦይ ውስጥ ይደፋዋል። ያ ውኃ ሳይሆን አሲድ ነው፣ የሟሟ እርሳስም አለበት። እባካችሁ ሳትደፉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከነውስጡ ለባትሪ ነጋዴ አስረክቡት፤ ከእነ አሲዱም ቢሆን ገዢ አያጣም።

ለመምህርቷ ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፤ እነዚህን ዕቃዎች ከሳምንታዊው ቆሻሻ ጋር አትስጡን። ነገር ግን አንድ መንደር ተነጋግሮ፣ አሥርና አሥራ አምስት ቤት ሆኖ፣ በአንድ የታወቀ ቀን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ብቻ እናስረክባለን ካለን፣ ጋሪውን ለዚያ ብቻ አጽድተን፣ ባትሪው ለብቻ፣ አምፖሉ ለብቻ፣ ሽቦው ለብቻ ሆኖ መረከብ አያቅተንም። ሽቦውን ሳናቃጥል በቢላ ልጠን መሸጥ እንችላለን፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ያልተቃጠለ መዳብ እንዲያውም የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ያቃተን የማይሸጠው ነው። ቲዩቡን፣ አምፖሉንና ያበጠውን ባትሪ ተረክበን የምናኖርበት፣ ጣራና ቁልፍ ያለው ቦታ የለንም። ይህን ሊሰጠን የሚችለው ቀበሌው ወይም ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ነዋሪው አብሮን ቢጠይቅ ደግሞ የእኛ ድምፅ ይጠነክራል።

መልስ፦ የሐዋሳ ልጅ፣ ከሜልበርን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕል አዳራሽ አካባቢ ሲሆን አሁን የምኖረው በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ግዛት ነው። እዚህ ያለውን አሠራር የምጽፈው «እነርሱ እንዲህ ናቸው» ለማለት ሳይሆን የማኅበሩ አባል ያነሡት የቦታ ጉዳይ እዚህም ዋናው ጉዳይ እንደነበረ ለማስረዳት ነው።

በቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ማንኛውንም በሶኬት፣ በባትሪ ወይም በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራ ዕቃ ወደ ቆሻሻ መድፊያ መጣል በሕግ ተከልክሏል። አንድ ቤተሰብ አሮጌ ዕቃ ሲኖረው ካውንስል የሚባለው የአካባቢው አስተዳደር ወዳዘጋጀው ማስረከቢያ ይወስደዋል፤ በብዙ ካውንስሎች ደግሞ ትላልቅ ዕቃዎችን ከደጃፍ የሚያነሣ መኪና በቀጠሮ ይመጣል። እኔ የምሄድበት ማስረከቢያ ውስጥ ያለው ነገር እጅግ ቀላል ነው። ጣራ ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ መጠለያ፣ በውስጡም በሽቦ የታጠሩ ትላልቅ ሣጥኖች ብቻ ናቸው። አንዱ ለስክሪን፣ አንዱ ለኮምፒውተር፣ አንዱ ለሽቦና ለትናንሽ ዕቃዎች፤ ባትሪና አምፖል በበርሜል ለየብቻቸው ይቀመጣሉ። ፍሪጅ በሌላ በኩል ቆሞ ጋዙን የሚያወጣለትን ባለሙያ ይጠብቃል። ጣራው ዝናብ እንዳይገባ፣ ሲሚንቶው ምንም ነገር ወደ መሬት እንዳይሰርግ ነው፤ የዘመናዊነቱ ምሥጢር ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን መጠለያ በአንድ ቀበሌ ግቢ ውስጥ መሥራት ከሐዋሳ አቅም በላይ ነው ብዬ አላስብም።

ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ከባዱ ክፍል ነው። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ በተጀመረው አሠራር መሠረት ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር የሚያመርቱና ከውጭ የሚያስገቡ ድርጅቶች ለአሰባሰቡና ለመልሶ መጠቀሙ ገንዘብ እንዲያዋጡ ይገደዳሉ፤ ስለዚህ ነዋሪው ቴሌቪዥኑን ሲያስረክብ ክፍያ አይጠየቅም። ይህ ሳይኖር ሸክሙን ሁሉ በጽዳት ማኅበር ላይ መጣል አግባብ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ስል በዓለም ደረጃም ቢሆን ነገሩ ገና እንደሆነ መዘንጋት አይገባም። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ዘገባ መሠረት በ2022 በመላው ዓለም ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ውስጥ በአግባቡ መሰብሰቡና ለመልሶ መጠቀም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው፤ በአፍሪካ ደግሞ 1 በመቶ አይሞላም። ለጥገና ባለሙያው ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ጋሼ። እዚህ አዲስ መግዛት ከማስጠገን ስለሚረክስ የሚሠራ ዕቃ ሁሉ ይጣላል። በፒያሳ ሱቅዎ የሚሠሩት ሥራ እዚህ አገር ሰዎች «የጥገና ካፌ» ብለው እንደገና ሊያስጀምሩት የሚደክሙበት ነው።

መልስ፦ የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ሐዋሳ

ውይይቱን በጥሞና ተከታትያለሁ። ስለ ሐይቃችንና ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል።

ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከታቦርና ከአላሙራ ተራሮች ግርጌ የሚነሣው ጎርፍ ከተማውን አቋርጦ ይገባበታል፤ ከእርሱ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። ውኃው በአብዛኛው የሚቀንሰው በትነት ነው። እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ደግሞ አይተኑም ወይም ቢተኑም ተመልሰው ይወርዳሉ፤ አይበሰብሱም፣ ጊዜ አያጠፋቸውም። ሜርኩሪ ጭቃ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ይበልጥ መርዛማ ወደሆነ ዓይነት ተለውጦ ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ እየተላለፈ ይከማቻል። ይህን የምለው አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ አትብሉ ለማለት አይደለም፤ እኔም ከቤተሰቤ ጋር እበላለሁ። ወንዝ ዳር የተሠራ ከተማ የጣለው ነገር ቢያንስ ከእርሱ ይርቃል፤ የእኛ ግን እዚሁ ይቀመጣል። በቦዩ ታጥቦ የሄደው ዱቄት የሄደበት ቦታ እንደሌለ መምህርቷ በትክክል ገብቷቸዋል። የእርሳስ መርዝ ሕፃናት ላይ የሚያደርሰው የአእምሮ ጉዳት ደግሞ «እስከዚህ ድረስ አይጎዳም» የሚባል መጠን እንደሌለው የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ነው።

የእናትዎ አምፖሎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪ አላቸው። ሳይሰበሩ በጣሳ መቀመጣቸው ትክክል ነው፤ ጣሳው ውስጥ ጋዜጣ ጎዝጉዘው ክዳኑን ይዝጉት። ቤት ውስጥ አንዱ ቢሰበር መስኮት ከፍታችሁ ለሩብ ሰዓት ያህል ከክፍሉ ውጡ፤ በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ ዱቄቱን ይበትነዋል። ስባሪውን በጠንካራ ካርቶን ሰብስባችሁ፣ ቀሪውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ጨርቁንም ጨምራችሁ ክዳን ባለው ብልቃጥ አሽጉት። ሽቦ ማቃጠልም ከጭሱ ሽታ በላይ ክፉ ነው፤ የሽቦው ሽፋን ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በመሆኑ ሲነድ ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ይፈጠራል፣ መዳቡ ራሱ ይህን መፈጠር ያፋጥነዋል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ገና ያኔ እያንዳንዱ አባወራ ተመልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ከሚጣለው ለይቶ ወደተዘጋጀለት መሰብሰቢያ እንዲያደርስ ግዴታ አስቀምጦ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከት ራሱን የቻለ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ቁጥር 425፣ ወጥቷል። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090ም የዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ ወደ ቀበሌ ሄዶ የመሰብሰቢያ ቦታ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። ስትጽፉ «ቆሻሻ ይነሣልን» ብላችሁ አትጻፉ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ወደ ሳምንታዊው የቆሻሻ መኪና ይመራና እዚያው ያልቃል። የምትጠይቁትን ለይታችሁ ጥቀሱ። ጣራና ቁልፍ ያለው አንድ ክፍል ወይም ኮንቴይነር፣ የሚረከብ ማኅበር፣ በሦስት ወር አንድ ቀን፣ እንዲሁም የተጠራቀመውን ቲዩብና አምፖል ወደሚመለከተው ማዕከል የማድረስ ኃላፊነት በማዘጋጃ ቤቱ እንዲያዝ። የቤቶቹን ብዛትና ያላቸውን ዕቃ ዝርዝር አያይዙበት፤ ቁጥር ያለው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ለመቅረት ይከብደዋል።

ጠያቂዋ፦ መምህርት ከአቶቴ

ለሰጣችሁኝ ማብራሪያ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ያደረግሁትን ላሳውቃችሁ።

ስልኩን በዚያው ቀን አሸዋ በሞላ አሮጌ የሸክላ ድስት አድርጌ በማግሥቱ ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ባትሪው ወጥቶ ለብቻው ተቀመጠ፣ ፎቶዎቹም ስልኩ በሌላ ባትሪ ተከፍቶ ተገለበጡ። ከእነርሱ መካከል አባቴ ከማረፉ በፊት ሐይቁ ዳር የተነሣው አንድ ፎቶ አለበት። እናቴ ጠፍቷል ብላ ተስፋ ቆርጣበት ስለነበር አሳትመን ግድግዳዋ ላይ ሰቅለንላታል። ከሪሲቨሮቹ ሁለቱ ተነሥተዋል፣ አንዱን ለጎረቤታችን ሰጥተናል። ፍሪጁ የጎደለው ማስነሻው ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ተጠግኖ ለተከራዮቹ እዚያው ቤት ቀርቷል። ላፕቶፑ አልተነሣም፤ ዲስኩ ወጥቶ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።

ቀሪውን በተመለከተ፣ ባለፈው እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ጎረቤቶቼን አነጋግሬ ሰባት ቤት ይስማማል ብዬ ሳስብ አሥራ ዘጠኝ ቤት ተመዘገበ። ዝርዝሩን ስናወጣ እንደ እኔው ያሉ አሥራ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥኖች፣ ከሠላሳ በላይ ስልኮችና ስድስት የሶላር ባትሪዎች በየጓዳው ተቀምጠው ተገኝተዋል። ሰው የጠፋው አሳቢነት አልነበረም፤ የት ማድረስ እንዳለበት ስላላወቀ ነው ያስቀመጠው። ደብዳቤውን የአካባቢ ጤና ባለሙያው እንዳሉት ለይተን ጽፈን ዝርዝሩን አያይዘን ማክሰኞ ዕለት ለቀበሌው አስገብተናል፤ በመዝገብ ቁጥር ተቀብለውናል፣ ለሁለት ሳምንት ቀጥረውናል።

የጽዳት ማኅበሩ አባል ይህን ካነበቡ፣ የሚሸጠውን ሽቦ፣ ብረትና የተነሡ ቦርዶች በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እኛ ግቢ ልናስረክባችሁ ዝግጁ ነን። ባትሪው በአሸዋ፣ አምፖሉ በጣሳ ሆኖ ለየብቻው ቆይቷል፤ የቀበሌው መልስ እስኪመጣ እኔው ዘንድ ይቆያል። አሥራ አንዱ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ከየቤቱ ወጥተው አንድ ጎረቤታችን ባዶውን ጋራዥ ስለፈቀዱልን እዚያ፣ ስክሪናቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ሳይደራረቡ ተደርድረዋል። ለመሸከም የሚያግዙ ሁለት ጠንካራ ወጣቶች ቅዳሜ ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ጓንት እኛ ገዝተናል፣ ቡናውም ይፈላል።